የአምሐ ስኮርታ ጎማ

አምሐ የተጋደመው ለበረሃ ጉዞ በተሰፋ አዲስ ሸራ ላይ ነው። ሸራውን የሰፋችው ሚስቱ ዓለሚቱ ነበረች። ጎረቤቶች መኪናውን ተጋግዘው አንስተው ከሥሩ ሲያወጡት ሌላ የሚያነጥፉለት ነገር አላገኙም።

ኢንስፔክተር ተናኘ ላፍቶ ወደሚገኘው ጋራዥ ስትደርስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ቀኑ ቅዳሜ፣ ወሩ የ1989 ዓ.ም. የካቲት። ከሀና ማርያም መንገድ የሚነሳው አቧራ የቆርቆሮውን አጥር እየዘለለ ሰው፣ ብረት፣ ዛፍ ሳይመርጥ ያለብሳል። ተናኘ አርባ ዓመት ያለፋት፣ ቀጠን ያለች፣ ስትናገር ድምጿን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። አስከሬኑ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ደረቱን፣ እጆቹን፣ ኪሶቹን አየች። ከቱታው የደረት ኪስ ውስጥ አንድ የቀይ ኩቴክስ ጠርሙስ አገኘች። ባዶ ነው፤ አፉ ላይ ያለው ቀለም እንኳ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የሸራውን ጫፍ ገልብጣ አለበሰችውና ወደ መኪናው ዞረች።

ነጭ ላንድክሩዘር ነው። የኋላ ወንበሮቹ ወጥተው የእንጨት አልጋ ገብቶለታል። ከአልጋው ሥር ምድጃና ድስት የሚገባበት መሳቢያ አለ፤ ከመኪናው ወለል በታች ደግሞ መቶ ሊትር የሚይዝ የውሃ ታንከር ተንጠልጥሏል። ጣሪያው ላይ የዕቃ መጫኛ ፖርቶ መጋላ፣ ፖርቶ መጋላው ላይ ድንኳን፣ አካፋና ጎማ ከአሸዋ የሚያወጡ ሁለት ረጃጅም ላሜራዎች ታስረዋል። መጠባበቂያው ስኮርታ ጎማ ከኋላ በር ላይ በሦስት ዳዶ ተሰቅሏል። ሰኞ ማለዳ ወደ ኦሞ ሸለቆ ሊወጣ፣ ሰው በሌለበት ሊያድርና ሊያሳድር የተሰናዳ መኪና ነበር።

«ይሄ እንኳን እርስዎን የሚያደክም ጉዳይ አይደለም፣» አለ ሃምሳ አለቃ ደምሰው፣ ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ። «ሰውየው መኪናውን በክሪክ አንስቶ ሥሩ ገባ። ያኛው ክሪኩን በእግሩ መታው። አለቀ።»

«ያኛው ማነው?»

ደምሰው በአገጩ አመለከተ። ጥግ ላይ፣ ያረጀ ጎማ ላይ አንድ ወጣት ተቀምጧል። ቀኝ እጁ እስከ አንጓው በፋሻ ተጠቅልሏል። ካቴናው የገባው በግራ እጁ ብቻ ነው፤ ሌላኛው ጫፍ ከመስኮት ብረት ጋር ተቆልፏል።

«ከድር ይባላል፤ የጋራዡ ኤሌትሪክ ሠራተኛ። በምሳ ሰዓት ግቢው ውስጥ የነበረው እሱ ብቻ ነው። ትናንት ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ መንደሩ በሙሉ ሰምቶታል። ስንደርስ ክሪኩን ይዞ ነው ያገኘነው። ሰኞ ፍርድ ቤት አቀርበዋለሁ።»

«ክሪኩን ይዞ ምን ያደርግ ነበር?»

«ላነሳለት ነው ይላል። ምን ይበል ታዲያ?»

ከበሩ ውጭ አንዲት ሴት በሩን ከሚጠብቀው ፖሊስ ጋር ትከራከራለች። የከድር ሚስት ዚነት ናት። አትጮኽም፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ትደጋግማለች። «ፊቱን ልየው፣ ከዚያ እሄዳለሁ።»

«አስገቧት፣» አለች ተናኘ።

ዚነት ገብታ ከባሏ ፊት ቆመች። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «አድርገኸዋል?» አለችው።

ከድር ቀና አላለም። «አንቺም?» አለ ብቻ።

ሴትየዋ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ተናኘ ቦታዋን ተክታ ከፊቱ አንድ ባዶ ጀሪካን ገልብጣ ተቀመጠች።

«እጅህን ምን ሆነህ ነው?»

«ረቡዕ ዕለት የባትሪ አሲድ አፈሰስኩበት። ሁለተኛውን ባትሪ ስገጥም።»

«ትናንት ከአምሐ ጋር ምን አጨቃጨቃችሁ?»

«ማኑሄ።»

ማኑሄ የከድር የልጅነት ጓደኛ፣ ይህ ጋራዥ ያሰናዳቸውን መኪናዎች እየነዳ በረሃ የሚወጣ ሾፌር ነበር። ባለፈው ጥቅምት አፋር ውስጥ የመኪናው የውሃ ታንከር ከወለሉ ተገንጥሎ ወደቀ። ውሃው አሸዋ ላይ ፈሰሰ። ማኑሄ እንግዶቹን ጥላ ሥር ትቶ እርዳታ ፍለጋ በእግሩ ወጣ። እንግዶቹን ሌላ መኪና አገኛቸው፤ እሱን ግን በሦስተኛው ቀን ሞቶ አገኙት። ከዚያ በኋላ የተወራው አንድ ነገር ነው፦ ማኑሄ ቡሎኖቹን ሳያይ ወጣ፤ ራሱን በራሱ ገደለ።

«እናቱ ይህን ወሬ ይዛ ነው የምትኖረው፣» አለ ከድር። «አምሐን 'አሰናድተህ የሰጠኸው አንተ ነህ፤ ደሙ በእጅህ ነው' አልኩት። አዎ ብያለሁ። አልክድም።»

«እሱ ምን መለሰ?»

«አልተቆጣም። 'እስከ ሰኞ ታገሠኝ፣ ሰኞ ሁሉንም ትሰማለህ' አለኝ።»

«ዛሬ ምሳ ሰዓት የት ነበርክ?»

«ከኋላ ያለው ክፍል ውስጥ። ገመድ እየለየሁ ሬዲዮ እሰማ ነበር። የሰባት ሰዓቱ ዜና አልቆ ዘፈን እንደገባ አንድ ትልቅ ድምፅ ሰማሁ። ጋራዥ ነው፣ ብረት ይወድቃል ብዬ...» ንግግሩን አቋረጠ። «ስምንት ሰዓት ሲሆን ወጣሁ። ከዚያ እግሩን አየሁት።»

ተናኘ ተነሣች። ደምሰው ጠጋ ብሎ «አመነልዎት አይደል?» አላት።

«መጨቃጨቁን አመነ።»

ሁለተኛው ሰው ከበበው ነው። በያጅና የጋራዡ ግማሽ ባለቤት፤ ከአምሐ ጋር አሥራ አንድ ዓመት አብረው ሠርተዋል። ሰፊ ትከሻ፣ በብየዳ ፍንጣሪ የተበሳሳ ሰማያዊ ቱታ። ዓይኖቹ ቀልተዋል፤ ከለቅሶ ይሁን ከብየዳ ለማወቅ ያስቸግራል።

«እህቴ፣ ምን እላለሁ፣» አለ። «ወንድሜን ነው ያጣሁት።»

«አምሐ እንዴት እንደሚሠራ ይንገሩኝ።»

«እንደሱ ዓይነት ጠንቃቃ አላየሁም። መኪና አሰናድቶ ሲጨርስ ሙሉ ጭነቱን ይጭነዋል፤ ውሃው፣ ድንኳኑ፣ ሁሉም። ከዚያ ወደ ጀሞ ተራራ ሥር ይወስድና ድንጋይ ላይ ያንቀጠቅጠዋል። ሲመለስ የላላ ነገር እንዳለ ሥሩ ገብቶ ያያል። የጠበቀ ዳዶ ሁሉ መስመር ይሰመርበታል፤ ከዳዶው እስከ ቡሎኑ ድረስ፣ በኩቴክስ። መስመሩ ከተጣመመ ዳዶው ዞሯል ማለት ነው፤ ሾፌሩ በረሃ ውስጥ በዓይኑ አይቶ ያውቃል። እዚህ ግቢ ውስጥ መስመር የሌለው ዳዶ ያልጠበቀ ዳዶ ነው። ሁላችንም እንደዚያ ነው የለመድነው።»

«መኪና ሥር ሲገባስ?»

«ስኮርታውን አውርዶ ከሻንሲው ሥር ያጋድመዋል። ክሪኩ ቢከዳው እንኳ መኪናው ጎማው ላይ ያርፋል፤ ሰው አይነካም። ያን ሳያደርግ ጭንቅላቱን አያስገባም ነበር።» ከበበው ወደ ኋላ በር ተመለከተ። «ዛሬ ግን ያው እንደሚያዩት ከቦታው አልወረደም። ቸኩሎ ይሆናል። ሰኞ ደርሶበታል።»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«በራፉ ላይ ነበርኩ፤ ስድስት ተኩል ላይ ዓለሚቱ ምሳውን ይዛ መጣች። አምሐ ገና ከጀሞ አልተመለሰም ነበር። ተቀበልኳትና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬለት ወደ ምሳዬ ሄድኩ።»

«ምሳውን ብቻ ነው የሰጠችዎት?»

«ምሳውን ብቻ። ያውና፣ ቋጠሮው አልተፈታም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከድር ይገድላል ብዬ አላምንም። ልጁ ጥሩ ልጅ ነው። የማኑሄ ነገር ግን አሞታል። ሰው ሲያመው ምን እንደሚያደርግ ማን ያውቃል፣ እህቴ?»

ተናኘ ማስታወሻዋ ላይ ምንም አልጻፈችም። ጓደኛውን እየተከላከለ ገመዱን የሚያጠብቅለት ሰው ብዙ አይታለች፤ እውነተኛ የዋህም ብዙ አይታለች። ከፊት ሆኖ ሁለቱ አይለዩም።

ሦስተኛው ሰው አጥሩ ሥር ቆሞ ሲጋራ ያጨሳል። ጆኒ ይሉታል፤ ፈረንጆችን ኦሞ የሚያስጎበኝ ድርጅት አለው፣ መኪናውን ያዘዘው እሱ ነው። ነጭ ሱሪ ለብሷል፤ ፀሐይ መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነው።

«እትዬ፣ እኔ እዚህ ጨዋታ ውስጥ የለሁበትም፣» አለ ገና ሳትጠይቀው።

«ጨዋታ መስሎህ ነው?»

«አይ፣ ማለቴ... ሁለት እንግዶች ሰኞ ይወጣሉ። መኪናው ይሄው፣ ሰውየው ይሄው። እኔ ነኝ የተጎዳሁት እኮ።»

«በጣም የተጎዳው አምሐ ይመስለኛል።»

ጆኒ ሲጋራውን ጣለ። «ይቅርታ። ሰባት ተኩል ላይ መጥቼ ነበር። በሩ ዝግ ነው። ጥሩንባ ነፋሁ፣ ነፋሁ፣ የሚከፍት የለም። ውስጥ ሰው እንዳለ ግን እርግጠኛ ነኝ፤ የብረት ድምፅ ይሰማ ነበር።»

«ምን ዓይነት ድምፅ?»

«ጎማ ሲጠበቅ የሚሰማው። እጭ... እጭ... እንደዚያ። እየሰሙ ዝም ሲሉኝ ፋራ አደረጉኝ ብዬ ተናደድኩና ላሽ አልኩ። ስምንት ተኩል ላይ ስመለስ ለቅሶ ነው።»

«ሰዓቱን እንዴት አወቅህ?»

ጆኒ እጁን ዘርግቶ ሰዓቱን አሳያት። ሰዓቱ በትክክል ይሠራል።

ሰዎቹ ሁሉ ከበሩ ውጭ እንዲቆሙ ካደረገች በኋላ ተናኘ መኪናውን ዞረችው፤ አንድ ጊዜ ቆማ፣ አንድ ጊዜ ጎንበስ ብላ። ከጀሞ የመጣው አቧራ የኋላውን በር እንደ ዱቄት ሸፍኖታል። የፖርቶ መጋላው ዳዶ፣ የመሰላሉ ዳዶ፣ የጀሪካን ማሰሪያው ዳዶ ሁሉ ቀይ መስመር አለው፤ መስመሩ ግን ከአቧራው በታች ነው፣ በጣት ጠረግ ካላደረጉት አይታይም። የስኮርታው ሦስት ዳዶዎች ብቻ ይለያሉ። መስመራቸው ንጹሕ ነው። በጥፍሯ ጫን ብላ ፈቀፈቀችው። ቀለሙ ከሥሩ አቧራ ይዞ ተነሣ። አንደኛው ዳዶ ጎን ላይ ደግሞ ግማሽ የቀረ ሌላ መስመር አለ፤ እሱ ደማቅ ቀይ ነው። አዲሱ ፈዘዝ ይላል፤ ወደ ሮዝ ይሄዳል።

«ደምሰው፣ ይህን ጎማ አውርድልኝ።»

ሃምሳ አለቃው እያጉረመረመ በሁለት እጁ ታግሎ አወረደው። ከበሩ ጋር ተጣብቆ የነበረው የጎማው ፊት ጥቁር ነው፤ የጋራዡ ወለል ላይ የሚፈሰው የተቃጠለ ዘይትና የብረት ብናኝ ለጥፎበታል።

«ቆሽሿል፣» አለ ደምሰው፣ መዳፉን እያየ።

«አዎ። ጀሞ ተራራ ላይ ግን የተቃጠለ ዘይት የለም።»

የአምሐ ቤት ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ነው። ተናኘ ስትደርስ ለቀስተኛው ግቢውን ሞልቶታል። ዓለሚቱ ከጓዳ በኩል ካለው ክፍል ውስጥ፣ ከልብስ ስፌት መኪናዋ አጠገብ ተቀምጣለች። ዓይኗ ደርቋል።

«ክሪኩ ከድቶት ነው የሚሉትን አልሰማም፣» አለች፣ ተናኘ ሳትቀመጥ። «አንድ ቀን፣ ልጄ ኳሷ መኪና ሥር ገብታባት ልታወጣ ስትል 'መጀመሪያ ጎማ' ብሎ አስለቅሷታል። የቆመ መኪና ነበር። ይህ ሰው ነው ጎማ የረሳው?»

«ዛሬ አግኝተሽው ነበር?»

«አላገኘሁትም። ምሳውንና ኩቴክሱን ይዤለት ስሄድ ገና ከጀሞ አልተመለሰም ነበር። ቀዩ አልቆብኛል ብሎኝ ነበር ትናንት ማታ። ቀይ አጣሁ፤ ሱቁ ውስጥ ያለው ሮዝ ብቻ ነው። ይስቅብኛል እያልኩ ነበር የሄድኩት።» ጣቷን ጨርቁ ላይ አሻሸች። «አላየውም እንኳ።»

ተናኘ ከጎኗ ተቀመጠች። ከዚያ «ሰኞ ምን ሊያደርግ ነበር?» አለቻት።

ዓለሚቱ ተነሥታ ከአልጋው ሥር በአሮጌ ሸሚዝ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። የተሰበረ ብረት ነው፤ የማኑሄ መኪና የውሃ ታንከር የተንጠለጠለበት ማቀፊያ። «ከሁለት ሳምንት በፊት መኪናው ከአፋር ተጎትቶ ሲመጣ ፈቶ አመጣው። በየማታው ያየዋል። 'ሰኞ ለማኑሄ እናት ወስጄ አሳያታለሁ' ብሎኝ ነበር። ምኑን እንደሆነ አልነገረኝም።»

ተናኘ ብረቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰደችው። የቡሎኖቹ ዳዶዎች ገና በቦታቸው አሉ፤ ቀይ መስመራቸው ቀጥ ብሏል። አንዱም አልዞረም። የተሰበረው ብየዳው ነው። ጫፉን በቁልፍ ስትፍቀው ቀለሙ ተነሣ፣ ከቀለሙ ሥር ነጣ ያለ ደረቅ ነገር እንደ ኖራ ረገፈ። ስቱኮ፤ የተጎዳ ላሜራ የሚሞላበት። ብየዳው ሳይያያዝ የቀረውን ክፍተት በስቱኮ ደፍኖ ቀለም የቀባ ሰው አለ።

በማግስቱ እሑድ ጠዋት ሁሉም ጋራዡ ግቢ ውስጥ ተሰበሰቡ። ከድር ከጣቢያ በካቴና መጣ። ዚነት ከሩቅ ቆማለች። ዓለሚቱ ጥቁር ለብሳ ከለቅሶ ቤት ሁለት ሴቶች ደግፈዋት ገባች። ጆኒ ዛሬ መነጽሩን አላደረገም። ከበበው ያንኑ የተበሳሳ ቱታ ለብሷል።

«መኪናው ወደ ጣቢያ ይሄዳል፣» አለች ተናኘ። «አቶ ከበበው፣ ስኮርታውን ትናንት አውርደነዋል። እባክዎ ቦታው ይመልሱልን።»

ከበበው ጎማውን አንድ ጊዜ አነሣና ሰቀለው። ሦስቱን ዳዶ በመፍቻው አጠበቀ፤ እጭ፣ እጭ። ጆኒ ቀና አለ። ከበበው መፍቻውን አስቀመጠና ቀኝ እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደ። ጣቶቹ ኪሱ አፍ ላይ ደርሰው ቆሙ። ከዚያ ደረቱን ያከከ መስሎ እጁን አወረደ።

ተናኘ አይታለች።

«ደምሰው፣ ከድር ምን አደረገ ነበር ያልከው?»

«ክሪኩን በእግሩ መታው።»

«ልክ ነህ፣ አምሐን ለመግደል አንድ እግር ይበቃል። ስለዚህ በዚያ ብቻ ማንንም ነጻ ማድረግ አልችልም። ችግሩ ጎማው ነው።» ወደ ኋላ በር ሄደች። «እስከ ትናንት ድረስ ሁላችሁም 'አምሐ ስኮርታውን ሳያወርድ ገባ' ትሉ ነበር። አልገባም። ጎማው ከጀሞ ጉዞ በኋላ ወርዷል፤ ፊቱ ላይ የዚህ ወለል ዘይት አለ። ወርዶም ተመልሶ ተሰቅሏል። የሌሎቹ ዳዶዎች መስመር ከአቧራ በታች ነው፤ የእነዚህ ሦስቱ ከአቧራ በላይ ነው። መኪናው ከድንጋዩ መንገድ ከተመለሰ በኋላ የተሰመረ መስመር ነው።»

«አምሐ ራሱ መልሶት ቢሆንስ?» አለ ደምሰው።

«ጎማውን አውርዶ፣ መልሶ ሰቅሎ፣ ከዚያ ጎማ የሌለው መኪና ሥር ይገባል? ደግሞ ጆኒ ሰባት ተኩል ላይ ዳዶ ሲጠበቅ ሰምቷል። ከድር መኪናው ሲወድቅ የሰማው ከሰባት ሰዓት ዜና በኋላ፣ ሰባት ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። በሰባት ተኩል አምሐ ሞቶ ነበር። ሞቶ ጎማ አልሰቀለም።»

ከዓለሚቱ ጎን የቆሙት ሴቶች ጠበቅ አድርገው ያዟት።

«ስለዚህ ገዳዩ ጎማውን ከሻንሲው ሥር አወጣ፣ ክሪኩን ጣለ፣ ጎማውን ሰቀለ። ነገሩ የጠንቃቃ ሰው አንድ ቀን ስህተት እንዲመስል። የሰቀለው ማን ነው? ከድር? እጁን ተመልከቱት። ያንን ጎማ ደምሰው በሁለት እጁ ታግሎ ነው ያወረደው። በአንድ እጅ ደረት ድረስ አንሥቶ ቡሎን ላይ የሚያስገባ ሰው ካለ አሳዩኝ። ጆኒስ? ጉልበት አለው። ነገር ግን ጆኒ ዳዶ ላይ መስመር እንደሚሰመር አያውቅም፤ ቢሰቅልም ሰቅሎ ይሄድ ነበር። መስመሩን ያሰመረው የዚህ ጋራዥ እጅ ነው። ዳዶ አጥብቆ ሳያሰምር መሄድ የማይችል እጅ።»

«የሁላችንም ልማድ ነው ብዬ ነግሬዎታለሁ፣» አለ ከበበው ቀስ ብሎ። «ጠረጴዛው ላይ ያለ ኩቴክስ ማንም ያነሣል።»

«ጠረጴዛው ላይ ኩቴክስ ነበር?»

ከበበው ዓይኑን ወደ ጠረጴዛው መለሰ።

«የአምሐ ጠርሙስ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ባዶ ነው፣ ደግሞም ቀይ ነው። በእነዚህ ዳዶዎች ላይ ያለው ሮዝ ነው። ሮዙ ትናንት እዚህ ግቢ ውስጥ የገባው ስድስት ተኩል ላይ፣ ከምሳው ጋር ነው። ዓለሚቱ፣ ለማን ሰጠሽው?»

ዓለሚቱ ከበበውን እያየች መለሰች። «ለሱ። በእጁ። 'ሮዝ ነው፣ አትሳቅብኝ በለው' ብዬ።»

«እርስዎ ግን ምሳውን ብቻ ነው የሰጠችኝ አሉኝ፤ አስረግጬ ጠይቄዎት ነበር። ስለ ጠርሙሱ ለመዋሸት ጠርሙሱ ምን እንደሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። የደረት ኪስዎን ይገልብጡት፣ አቶ ከበበው። አሁን እጅዎ ሊገባበት የነበረውን።»

ከበበው አልተንቀሳቀሰም። ደምሰው ተጠግቶ ኪሱን ወደ ውጭ ሳበው። በሰማያዊው ጨርቅ ውስጥ፣ ታችኛው ጥግ ላይ፣ አውራ ጣት የሚያህል ሮዝ እድፍ ደርቋል። ክዳኑ በደንብ ያልተዘጋ ጠርሙስ ያፈሰሰው ነበር።

ተናኘ የተሰበረውን ማቀፊያ ከሸሚዙ ፈታ ኮፈኑ ላይ አስቀመጠችው። «ይህ የማኑሄ መኪና ነው። ዳዶዎቹ አልዞሩም። ማኑሄ ቡሎኖቹን አይቶ ነው የወጣው፤ ከዚያ በላይ ሊያይ የሚችለው ነገር አልነበረም። የተሰበረው ብየዳው ነው፤ በስቱኮ ተሸፍኖ። ትናንት ማታ ከዚህኛው መኪና ሥርም ገብቼ ፍቄያለሁ። ታንከሩ በተንጠለጠለበት በዚያው ቦታ ላይ ያው ነው። ስቱኮ።»

ጆኒ ወደ መኪናው ሥር ጎንበስ ብሎ አየና ቀጥ አለ። ፊቱ ነጥቷል። «ሁለት ሰው እኮ ነው፣» አለ ለማንም ሳይሆን።

«አምሐ ትናንት ሥሩ የገባው ያንን ሊያይ ነው፣» አለች ተናኘ። «እርስዎም ምን እንደሚያይ ያውቁ ነበር። አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ሰውየው ሥሩ ተኝቶ፣ አጠገቡ ያለው ጎማ ሲጎተት እንዴት ዝም አለ?»

ከበበው የወጣውን ኪሱን መልሶ አስገባ። ሲናገር ድምፁ የሥራ ሰው ድምፅ ነበር፤ ስለ አንድ የተበላሸ ዕቃ የሚያስረዳ።

«ከሥር ሆኖ 'ይሄም ስቱኮ ነው፣ ከቤ' አለኝ። አልጮኸም። 'ሰኞ አብረን እንሂድና ለእናትየው አንተው ንገራት' አለኝ። ጋራዡ ይዘጋል። እኔም እታሰራለሁ። ብየዳው እንዲያ የሆነው ሆን ብዬ አይደለም፤ ኤሌክትሮዱ እርጥብ ነበር፣ ቀኑ ደርሶ ነበር... ሁለተኛውን ግን ሆን ብዬ ነው። የመጀመሪያውን ማንም ስላላየው።» ወደ ስኮርታው ዞረ። «'ጎማው ትንሽ ወጣ ብሏል፣ ላስተካክልልህ' አልኩት። 'እሺ' አለኝ።»

ዓለሚቱ ከደጋፊዎቿ እጅ ወጣች። ሄዳ ከፊቱ ቆመች። ሁሉም ትመታዋለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን «እሺ አለህ፣» አለችው፣ ቃሉን እንደሚመዝን ሰው፤ ከዚያ ዞራ ወጣች።

ደምሰው ካቴናውን ከከድር እጅ ሲፈታ ቁልፉ ሁለት ጊዜ አመለጠው። «ያው... ሁኔታው ያሳስት ነበር፣» አለው።

«ያሳስታል፣» አለ ከድር።

«ጥሩ ነው እንግዲህ። ሂድ።»

ተናኘ ከበበውን ወደ ፖሊስ መኪናው ካስገባች በኋላ ከድርን አስቆመችው። «የማኑሄን እናት ዛሬውኑ አያታለሁ። አብረኸኝ ትመጣለህ?»

ከድር ወደ ዚነት አየ። «ከሰዓት በኋላ። አሁን ልታጠብ።»

ባልና ሚስቱ የሀና ማርያምን መንገድ ይዘው ጎን ለጎን ሄዱ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሰው እያለፋቸው ሰላምታ ይሰጣል፤ አንዳንዱ ወሬውን ሰምቶ ዓይኑን ይሰብራል።

«አንድ ሌሊት ጠርጥሬሃለሁ፣» አለች ዚነት በመጨረሻ። «እንድታውቀው ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ተቀይመሃል?»

ከድር በፋሻ የተጠቀለለውን እጁን ወደ ደረቱ አስጠጋ።

«መኪናው ሲወድቅ ሰምቼዋለሁ፣ ዚነት። ወጥቼ ሳላይ ሬዲዮውን ከፍ አደረግኩት።»

ሴትየዋ ቆመች። እሱም ቆመ። አንድ ሚኒባስ አቧራውን እያስነሣ በአጠገባቸው እስኪያልፍ ጠበቁና፣ እሷ ቀድማ ጤነኛ እጁን ያዘች።